ከማዕድን ምሕንድስና ወደ ባለቀለም መስታወት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ፣ ቪላ አልፋ የሚባል ቤት ይገኛል። ንድፉን ራሳቸው አውጥተው፣ መኖሪያቸውም የሥራ ክፍላቸውም ያደረጉት ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ይህ ቤት የመሐንዲስ እጅ ያለበት ቢመስል አያስደንቅም፤ አፈወርቅ ወደ ውጭ አገር የተላኩት ሥዕል ሊማሩ ሳይሆን ምሕንድስና ሊማሩ ነበርና።

አፈወርቅ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። የልጅነታቸው ዘመን የጠላት ወረራ ዘመን ነበር። አገሪቱ ከወረራው ተላቃ የተማረ ሰው በብርቱ በምትፈልግበት ወቅት፣ በ1939 ዓ.ም. ገደማ፣ የማዕድን ምሕንድስና ያጠኑ ዘንድ በመንግሥት ወጪ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። እዚያ ግን መምህራኖቻቸው የሥዕል ተሰጥኦዋቸውን ተመለከቱ፤ እርሳቸውም ሙያቸውን ለወጡ። ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። መሐንዲስ እንዲሆን የታሰበ ወጣት ሠዓሊ ሆኖ ቢመለስ፣ ለአገሩ ምን ይዞላት መጣ መባሉ አይቀርም ነበር።

በለንደን ከማዕከላዊው የኪነ ጥበብና የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ቀጥሎ በስሌድ የሥዕል፣ የቅርጻ ቅርጽና የሥነ ሕንፃ ትምህርት ተከታተሉ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያ የግል ትርኢታቸውን አሳዩ። ከዚያም ዳግመኛ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በየቤተ መጻሕፍቱ የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች መረመሩ፤ የባለቀለም መስታወት ጥበብንም ቀሰሙ።

ለጥያቄው ዋና መልስ የሆነው በትእዛዝ የተሠራው የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት ነው። አርክቴክቱ አርቱሮ ሜዜዲሚ ባነጹትና በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በዚህ ሕንፃ፣ አፈወርቅ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሥራ አኖሩ። ሥራው በሦስት ክፍል ያለፈውን የአፍሪካ ሐዘን፣ የወቅቱን ትግልና የመጪውን ዘመን ተስፋ ያሳያል። እንዲህ ያለው ሥራ ቡሩሽ ብቻ የሚጨርሰው አይደለም። መስታወት ቀለሙን የሚያገኘው ከማዕድን ነው፤ ኮባልት ሰማያዊ፣ ብረት አረንጓዴ ያደርገዋል። ግዙፍ መስኮትም የራሱን ክብደትና የነፋሱን ግፊት መሸከም ይኖርበታል። ስለዚህ የተዉት ሙያ በሌላ በር መጥቶ እንደ ጠበቃቸው መቁጠር ይቻላል።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅቱን ቻርተር የፈረሙት በዚሁ አዳራሽ ነው። መስታወቱ ነጻነትን በሥዕል ሲያውጅ፣ የአህጉሩ ብዙ አገሮች ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበሩ። አሠሪው የጠየቀው የሕንፃ ጌጥ ቢሆንም፣ ሠሪው የሰጠው ለአህጉሩ የሚሆን ራእይ ነበር።

አፈወርቅ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐረፉ። ሕይወታቸው ለባለሙያ ሁሉ የሚያስተላልፈው ትምህርት አለ። አገር የምታስተምረውን ሰው ሙያ ልትመርጥለት ትችል ይሆናል፤ ብድሯን የሚከፍላት ግን ሰውየው በሚያውቀውና በሚወደው ሥራ ከልቡ ሲተጋ ነው።