ኢጎር ኩርቻቶቭ

ኢጎር ቫሲሊየቪች ኩርቻቶቭ (ጥር 4 ቀን 1895 – ጥር 29 ቀን 1952 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. 1903–1960) የሶቪየት ኅብረት የፊዚክስ ሊቅ ነበር። የአገሩን የመጀመሪያ የአቶም ቦምብ ሥራ የመራው፣ ኋላም የኦብኒንስክ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እንዲገነባ ያደረገው እርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወት ታሪክ

ኩርቻቶቭ በኡራል ተራሮች አካባቢ ሲም በተባለ ቦታ ተወለደ። አባቱ መሬት ቀያሽ ነበር። በክራይሚያ አድጎ በ1915 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ፣ በሌኒንግራድ በአብራም ዮፌ ተቋም ተመራማሪ ሆነ። ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን በወረረች ጊዜ መርከቦችን ከማግኔት ፈንጂ የማዳን ሥራ ላይ ተሰማራ። በ1935 ዓ.ም. የአገሪቱ የአቶም ምርምር ኃላፊ ተደረገ።

ታኅሣሥ 16 ቀን 1939 ዓ.ም. በእርሱ መሪነት ሞስኮ ውስጥ የተሠራው ኤፍ-1 የተባለው የኑክሌር ማብላያ ሥራ ጀመረ። ይህም በአውሮፓ የመጀመሪያው ነበር። ነሐሴ 23 ቀን 1941 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው የሶቪየት አቶም ቦምብ ተፈነዳ።

የኦብኒንስክ ማመንጫ

ለቦምብ የተገኘው እውቀት ለኤሌክትሪክም እንዲውል በ1942 ዓ.ም. ተወሰነ። ቦታው ከሞስኮ ደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ኦብኒንስክ ነበር። ማብላያውን ኒኮላይ ዶሌዣል ነደፈው፤ በቦታው ሳይንሳዊ ሥራውን ድሚትሪ ብሎሂንትሴቭ መራ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ ኒውትሮኖችና ሙቀት ይወጣሉ። ግራፋይት የኒውትሮኖቹን ፍጥነት ስለሚቀንስ ሌሎች አቶሞችን መሰንጠቅ ይቀላቸዋል። በ128 ቱቦዎች ውስጥ የሚያልፍ ውኃ ሙቀቱን ተሸክሞ ይወጣል። ይህ ውኃ በከፍተኛ ግፊት ስለተያዘ አይፈላም፤ ሙቀቱን ለሌላ ውኃ ያስተላልፍና ያኛው እንፋሎት ሆኖ ተርባይን ያዞራል። አስቸጋሪው ነገር ሙቀትን፣ ግፊትንና ጨረርን አብሮ የሚችል የነዳጅ ዘንግ መሥራት ነበር።

ማመንጫው ሰኔ 19 ቀን 1946 ዓ.ም. ከሞስኮ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተገናኘ። ከዚያ በፊት በአሜሪካ አንድ የሙከራ ማብላያ አምፖሎችን አብርቶ ነበር፤ ለሕዝብ መስመር ኃይል በመስጠት ግን ኦብኒንስክ ቀዳሚ ሆነ። አቅሙ 5 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር፤ ይህም ከአሥር ዓመት በኋላ በዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ከተተከለው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የመጨረሻ ዓመታትና ትሩፋት

በሚያዝያ 1948 ዓ.ም. ኩርቻቶቭ ወደ እንግሊዝ ሄዶ እስከዚያ ምሥጢር የነበረውን የአቶም ውህደት ምርምር በይፋ አስረዳ። በኋላም የኑክሌር ሙከራ እንዲቆም ደገፈ። በ57 ዓመቱ በድንገት ሞተ፤ አመዱም በክሬምሊን ግንብ ተቀበረ።

የኦብኒንስክ ማመንጫ እስከ ሚያዝያ 21 ቀን 1994 ዓ.ም. ሠራ። በእርሱ የተሞከረው የግራፋይትና የውኃ አሠራር ግን በጣም ገዝፎ፣ እያንዳንዱ ማብላያ 1,000 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ ሆኖ በቼርኖቢል ተተከለ። በዚያም በ1978 ዓ.ም. ከባድ አደጋ ደረሰ።