አሸናፊ ከበደ
አሸናፊ ከበደ (እ.ኤ.አ. 1938 – 1998) ኢትዮጵያዊ የሙዚቃ ደራሲ፣ የኦርኬስትራ መሪና የሙዚቃ ተመራማሪ ነበሩ። አዲስ አበባ ተወልደው፣ በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ሲመለሱ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ።

ክራር የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ ይናቅ ነበር። አሸናፊ ግን ለጥናት መረጡት፤ እ.ኤ.አ. በ1977ም ስለ ክራር የጻፉት ጥናት ታተመ። የክራር ስድስት አውታሮች ቀድሞ ከጅማት ይሠሩ ነበር፤ ዛሬ ናይለን ወይም ብረት ናቸው። ቅኝት የሚለወጠው አውታሩን በማክረርና በማላላት ነው፦ ትዝታ ሜጀር ወደ ማይነር ሲለወጥ ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። በጆሮ ብቻ ሲወረስ የኖረውን ይህን እውቀት በጽሑፍ ካሰፈሩት ቀዳሚ ኢትዮጵያውያን ምሁራን አንዱ አሸናፊ ናቸው።