ስሙን በጠባሳው ያገኘው ሐኪም

በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን ቀዳሚው አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ሐኪምነታቸውን ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ አገረ ገዥ እንደ ነበሩ ግን ብዙም አይነገርም።

ትውልዳቸው ጎንደር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲሞቱና የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ፣ ገና ሕፃን የነበረው ወርቅነህ ከቤተሰቡ ተለይቶ ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌይን የተባለ መኮንን ወደ ህንድ ወሰደው። በዚያም በአምሪትሳር የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን አሳደጉት፤ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ደግሞ የትምህርቱን ወጪ ቻለ። በእነዚህ ሰዎች ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። አገሩ፣ ቋንቋውና ስሙ ሁሉ ከአእምሮው ጠፋ።

እግዚአብሔር ግን አልረሳውም። ልጁ አድጎ በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ፤ በስኮትላንድም ተጨማሪ ትምህርት ተከታትሎ በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነ። ኑሮው ተደላድሎ ነበር። ሆኖም በ1888 ዓ.ም. ከተገኘው የአድዋ ድል በኋላ የትውልድ አገራቸውን ፍለጋ ተነሡ። አዲስ አበባ ደርሰው ድንኳን ተክለው ሕሙማንን ሲያክሙ አንዲት አሮጊት መጥተው የልጅ ልጄ ነህ አሏቸው። ምልክቱም በሰውነታቸው ላይ የነበረው የልጅነት ጠባሳ ነበር። ሐኪሙ ወርቅነህ መባላቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። አማርኛንም እንደ አዲስ ተማሩ።

ከእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ጡረታ ሲወጡ ኑሯቸውን ጠቅልለው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤትም መርተዋል። በልጅነቱ ከወገኑ የተለየ ሰው፣ ወገን ላጡ ልጆች አባት ሆነ።

ከዚያም በ1920ዎቹ መጀመሪያ የቸርቸር ገዥ ሆነው ወደ አሰበ ተፈሪ ሄዱ። በዚያ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት የጀመሩትን የአስተዳደር ማሻሻያ ቀጠሉ፤ መንገድም አሠሩ። ቸርቸር አርአያ ግዛት ትባል ነበር። ሹመት ብዙውን ጊዜ የመብያ ርስት በነበረበት ዘመን እሳቸው ሥራ አደረጉት።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ፤ ስለ አገራቸው ያለ ድካም ተሟገቱ። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በጥቁር አንበሳ ጦር ውስጥ ተሰልፈው ነበር፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ሁለቱንም ፋሺስቶች ገደሏቸው። አባት ለአገሩ ከከፈለው ሁሉ የከበደው ይህ ነው። እንዲያም ሆኖ ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አረፉ።

ወገኖቼ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ባለው ገጠር በጤና ሙያ የምታገለግሉ አላችሁ። አንድ ቀን ወንበር ይሰጣችሁ ይሆናል። ሰው ሐኪም ሹመት ሲይዝ ሙያውን ጣለ ይላል። የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት የሚያስተምረን ግን ሌላ ነው። በሽተኛ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው መንገድ ሲኖር ነው፤ ድኻም ከሕመሙ ቢድን ፍርድ ካጣ ዕረፍት የለውም። ባዕዳን ያስተማሩት ሕፃን የተቀበለውን ለወገኑ መለሰ። እኛስ የተቀበልነውን ለማን እየመለስን ነው?