የነርቭ ሕዋስን ለዓይን ያበቁት ሐኪም ካሚሎ ጎልጂ

የአንጎልን ውስጣዊ አሠራር በአጉሊ መነፅር ለመመርመር መንገድ የከፈቱት ጣሊያናዊው ሐኪም ካሚሎ ጎልጂ እ.ኤ.አ በ1843 በሰሜን ጣሊያን ኮርቴኖ በተባለች መንደር ተወለዱ። በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን ተከታትለው እ.ኤ.አ በ1865 ተመረቁ።

እ.ኤ.አ በ1872 በአቢያቴግራሶ ከተማ በሚገኝ የማይድኑ ሕሙማን መጠለያ በዋና ሐኪምነት ተሾሙ። የተሟላ ላቦራቶሪ ስላልነበራቸው ምርምራቸውን የሚያካሂዱት በአንድ አነስተኛ ማዕድ ቤት ውስጥ ነበር።

በወቅቱ የነበሩት ማቅለሚያዎች የነርቭ ሕዋስን ቅርንጫፎች እስከ ጫፋቸው ለይተው ማሳየት አይችሉም ነበር። ጎልጂ የአንጎልን ናሙና በፖታሲየም ዳይክሮሜት አጠንክረው በሲልቨር ናይትሬት ሲነክሩት ግን ከብዙ ሕዋሳት ጥቂቶቹ ብቻ ሙሉ በሙሉ ጠቆሩ። የቀሩት ባለመቅለማቸው የአንዱ ሕዋስ ቅርጽ ከሌላው ሳይደባለቅ ጎልቶ ታየ። ግኝቱንም እ.ኤ.አ በ1873 ለኅትመት አበቁ።

ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ይህንኑ ዘዴ አሻሽለው እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ራሱን የቻለ መሆኑን አስረዱ። ጎልጂ በበኩላቸው ሕዋሳቱ አንድ የተያያዘ መረብ ናቸው ከሚለው አቋማቸው ፈቀቅ አላሉም። ሁለቱ እ.ኤ.አ በ1906 የኖቤልን ሽልማት በጋራ ሲቀበሉ እንኳ፣ ጎልጂ በስቶክሆልም ባሰሙት ንግግር የካሃልን አስተሳሰብ ተቃውመዋል። በ1950ዎቹ ዓመታት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለካሃል ፈረደ።

ጎልጂ እ.ኤ.አ በ1926 በፓቪያ አረፉ። የትውልድ መንደራቸው በስማቸው ኮርቴኖ ጎልጂ ተብላለች። የመረብ ሐሳባቸው ቢወድቅም፣ ሐሳቡን የጣለው ማስረጃ የተገኘው እርሳቸው ባበረከቱት የማቅለም ዘዴ መሆኑ ስማቸውን ሕያው አድርጎታል።