የመግልን ምሥጢር የገለጡት ሰር አሌክሳንደር ኦግስተን

ሰር አሌክሳንደር ኦግስተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ዓ. ም. በስኮትላንድ፤ በአበርዲን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በከተማው ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር ነበሩ። ልጅየውም እዚያው ተምረው በ1865 ዓ. ም. ተመረቁ።

በዚያን ዘመን መግል ያልያዘ የቀዶ ጥገና ቁስል ማየት ብርቅ ነበር። ሐኪሙም ወፍራምና ነጣ ያለ መግል ሲያይ ቁስሉ ሊድን ነው ብሎ ደስ ይለው ነበር። እግሩን የተቆረጠ በሽተኛ በሕይወት መትረፉ የዕድል ነገር ነው። ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ የማጽዳትን ዘዴ ባወጡ ጊዜ ኦግስተን አጥብቀው ከያዙት አንዱ ሆኑ፤ ሆኖም አሲዱ የሚገድለው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለጉ።

ከብሪታንያ የሐኪሞች ማኅበር 50 ፓውንድ ተረድተው በቤታቸው አትክልት ቦታ ባለች ትንሽ ክፍል ምርመራ ጀመሩ። እግሩ በጥልቅ እባጭ ከተያዘ ወጣት፤ ቆዳው ገና ሳይፈነዳ መግሉን ወስደው ቀለም ነከሩትና በአጉሊ መነጽር አዩት። ክብ ክብ የሆኑ ረቂቅ ነፍሳት ሞልተውበታል። እባጩ ያልፈነዳ በመሆኑ ከውጭ አየር ገቡበት ለማለት አይቻልም። ነፍሳቱን በትኩስ የዶሮ ዕንቁላል ውስጥ አራቡ (ዕንቁላል ለቁርስ ብቻ ነው ያለ ማን ነው!)፤ አይጦችንም ቢወጉባቸው መግል ቋጠሩ። ትኩሳት በሌለው ቀዝቃዛ እባጭ ውስጥ ግን አላገኟቸውም።

በ1880 ዓ. ም. ይህንኑ በበርሊን ለተሰበሰቡ ቀዳጅ ሐኪሞች ገለጡ። በአገራቸው ብዙዎች ተጠራጠሩ። በ1882 ዓ. ም. ግን የወይን ዘለላ የሚመስሉትን ነፍሳት በግሪክኛ ስታፊሎኮከስ ብለው ሰየሙ፤ በዚያው ዓመት በአበርዲን የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ።

እንደኛ ባሉ ሞቃት አገሮች ይህ ተሕዋስ ጡንቻ ውስጥ ጠልቆ መግል ይቋጥራል። ጭንን፤ ዳሌን ወይም ከወገብ ወደ ጭን የሚወርደውን የውስጥ ጡንቻ ይይዛል። በመጀመሪያ ያለው ሕመምና ትኩሳት ብቻ ነው። ቆዳው ብዙ ጊዜ አይቀላም፤ ሥጋው ሲነካ እንደ እንጨት ይጠነክራል። በአቃቂ ቃሊቲ፤ በገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ የቀን ሠራተኛ እንዲህ ሆኖ ማነከስ ጀመረ እንበል። ወለምታ ነው ተብሎ ወጌሻ ዘንድ ሲመላለስ ቀኑ ያልፋል፤ ተሕዋሱም ወደ ደም ገብቶ ሊገድለው ይችላል። በአቅራቢያው ወዳለው ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል በጊዜ የደረሰ እንደ ሆነ ግን ሐኪሙ በአልትራሳውንድ መግሉን ይፈልጋል፤ በመርፌ ቀድቶ ያስመረምራል። መግሉ ገና ካልቋጠረ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ብቻ ይበቃው ይሆናል፤ ከቋጠረ ግን ተቀዶ ወይም በቱቦ መፍሰስ አለበት። የወገቡ እባጭ በተለይ ከሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስም ሊመጣ ስለሚችል፤ ኦግስተን ያዩት የትኩሱና የቀዝቃዛው እባጭ ልዩነት ዛሬም ለሐኪም ያስፈልገዋል።

ኦግስተን በጦር ሜዳም አገልግለዋል። በ1885 ዓ. ም. ከጎረቤታችን ሱዳን፤ እስከ ሱአኪን ድረስ መጥተው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ዕድሜያቸው ከ70 ካለፈ በኋላ በኢጣልያ ቁስለኞችን አከሙ።

በ1928 ዓ. ም. አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በለንደን ስታፊሎኮከስ በሚያራቡበት ሳሕን ላይ የበቀለ ሻጋታ ተሕዋሱን ሲያጠፋው አዩ፤ ሻጋታው የሚያወጣውም ተሕዋስ ገዳይ ነገር ፔኒሲሊን ነው። ጽሑፋቸው የታተመው በ1929 ዓ. ም. አጋማሽ ሲሆን፤ ኦግስተን በዚያው ዓመት በየካቲት ወር መጀመሪያ በ84 ዓመታቸው ዐርፈው ነበር።