የሰው ገንዘብ ያዥ የነበረው ሊቅ፦ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን የእድሩ ገንዘብ እንዳለ ባንክ ይቀመጥ ወይስ ከፊሉ አክሲዮን ይገዛበት በሚለው ነገር ስንከራከር እንዳረፈድን ታስታውሳላችሁ። ውሳኔው የሥራ አመራሩና የናንተ ነው። እኔ ግን በዚህች ገጽ የሰው ገንዘብ ይዞ ከኪሳራም ከትርፍም ስለ ተማረ አንድ ሰው ላውጋችሁ። ሰውየው እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ ነው። ስሙን በትምህርት ቤት የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ ገንዘብ ያዥ እንደ ነበረ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ኬይንስ ጁን 5 ቀን 1883 በካምብሪጅ ከተማ ተወለደ። አባቱ በዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚና የሎጂክ መምህር ነበሩ፤ እናቱም ኋላ በ1932 የዚያችው ከተማ ከንቲባ ለመሆን የበቁ ናቸው። ልጁ በውድድር አልፎ በታወቀው የኢተን ትምህርት ቤት ተማረ፣ ከዚያም በ1902 ኪንግስ ኮሌጅ ገባ። የተማረው ግን ኢኮኖሚ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። በ1905 በሒሳብ ከማዕረግ ተመራቂዎች 12ኛ ወጣ። ኢኮኖሚን በወጉ የተማረው አልፍሬድ ማርሻል ከሚባሉት ሊቅ ዘንድ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲሆን፣ በዚህ ትምህርት ዲግሪ የሚባል ነገር አልነበረውም። በ1906 ለመንግሥት ሥራ ተፈትኖ ከሁሉ 2ኛ ሲወጣ፣ ዝቅተኛ ነጥብ ካገኘባቸው ትምህርቶች አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኢኮኖሚ! እሱም ተናዶ ፈታኞቹ ከኔ ያነሰ ያውቃሉ እያለ ያወራ ነበር። ትሕትና እንኳ አልተፈጠረበትም። አንደኛ የወጣው ሰው የገንዘብ ሚኒስቴርን ስለ መረጠ ኬይንስ የሕንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደረሰው። እዚያ ሁለት ዓመት ሠርቶ ወደ ካምብሪጅ ለማስተማር ተመለሰ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በ1915 የገንዘብ ሚኒስቴር ወሰደው። በ1919 በፓሪስ የሰላም ጉባኤ መንግሥቱን ወክሎ ተቀመጠ፤ ነገር ግን በጀርመን ላይ የተጫነው ካሣ ከአቅም በላይ ነው፣ ነገ መዘዝ ያመጣል ብሎ ሥራውን ለቀቀና ይህንኑ የሚያስረዳ መጽሐፍ በዚያው ዓመት አሳተመ። መጽሐፉ በዓለም ዙሪያ ተነበበ፣ ስሙም ገነነ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሥራ እንደ ለቀቀ በውጭ አገር ገንዘብ ንግድ ገባ። የጀርመን ማርክ፣ የፈረንሣይ ፍራንክና የጣሊያን ሊሬ ይወድቃሉ፣ የአሜሪካ ዶላር ይወጣል ብሎ ቆረጠ። የገባበትም በራሱ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በብድርና ከዘመድ ወዳጅ በተሰበሰበ ነበር። መጀመሪያ አተረፈ። በ1920 ጸደይ ላይ ግን እነዚያ ገንዘቦች ለጥቂት ሳምንታት ተነሡና የነበረው ሁሉ ድራሹ ጠፋ፤ ጭራሽ ዕዳ ውስጥ ገባ። የሚያሳዝነው አሳቡ ትክክል መሆኑ ነው፤ ማርክ በ1923 ወረቀት እስኪሆን ድረስ ወድቋል። ጊዜውን ግን አላወቀም፤ በብድር የሚነግድ ሰው ደግሞ ጊዜው እስኪደርስለት የሚጠብቅበት አቅም የለውም። እንግዲህ ይህ ሰው ምን አደረገ? አልሸሸም። ከአንድ ባለጸጋ 5,000 ፓውንድ ተበደረ፣ ከመጽሐፉ ሽያጭ ቅድሚያ ተቀበለ፣ ነግዶም በሁለት ዓመት ያህል ውስጥ የወዳጆቹን ገንዘብ መለሰ። እኔ በበኩሌ ከመጽሐፎቹ ሁሉ ይልቅ ይህን አከብርለታለሁ።

የሚገርመው ኮሌጁ ይህን እያወቀ ገንዘቡን አደራ መስጠቱ ነው። ከ1919 ጀምሮ በምክትልነት፣ ከ1924 እስከ ሞተ ድረስ ደግሞ በዋና ገንዘብ ያዥነት የኪንግስ ኮሌጅን ሀብት አስተዳደረ። ኮሌጆች በዚያን ዘመን ሀብታቸውን በአብዛኛው በመሬትና በቦንድ ይይዙ ነበር፤ እሱ ግን መሬት እየሸጠ አክሲዮን ገዛ። መጀመሪያ ላይ ገበያው መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚወርድ አስቀድሜ አውቃለሁ ብሎ ይገዛና ይሸጥ ነበር። ይህ ዘዴ አላዋጣውም። በ1929 የደረሰውን የአክሲዮን ገበያ ውድቀትም፣ ያ ሁሉ ዕውቀት እያለው፣ አላየውም፤ የግል ሀብቱም አብዛኛው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ነው ዘዴውን የለወጠው። ሥራቸውን አጥርቶ የሚያውቃቸውን ጥቂት ኩባንያዎች መርጦ መግዛት፣ ዋጋው ሲወርድም ሳይደናገጡ ለዓመታት መያዝ ጀመረ። እንደ ፈለገ ያንቀሳቅሰው የነበረው የኮሌጁ ልዩ ሣጥን በ1920 አካባቢ 30,000 ፓውንድ ያህል ነበረ፤ ሲሞት ወደ 380,000 ደርሶ ነበር፤ ከሣጥኑ የሚገኘው የየዓመቱ ገቢ ለኮሌጁ ሥራ እየዋለ ማለት ነው።

ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አልቀናውም። ከ1921 ጀምሮ የአንድ የሕይወት ኢንሹራንስ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። በ1937 ገበያው ሲወድቅ ማኅበሩ ከባድ ኪሳራ ደረሰበት። በወረደ ዋጋ እየሸጡ መሮጥ ተገቢ አይደለም በሚለው አቋሙ ከቦርዱ ጋር ተጋጨና በ1938 ለቀቀ። ዘዴው ጥሩ ነው ብንል እንኳ፣ የሟች ቤተሰብ ዛሬ ክፈሉኝ የሚለው ማኅበርና ለመቶ ዓመት የሚያስብ ኮሌጅ አንድ አይደሉም፤ ይህን እኛ እድርተኞች ከሱም ይበልጥ እናውቀዋለን።

ከሥራ ውጭ የነበረውም ሕይወት ቀላል አልነበረም። ሥዕል ወዳጅ ነው። በማርች 1918 ፓሪስ በጀርመን መድፍ ስትደበደብ፣ እሱ የገንዘብ ሚኒስቴሩን 20,000 ፓውንድ አስፈቅዶ ለለንደኑ ብሔራዊ ሙዚየም ሥዕል ሊገዛ እዚያው ሄደ። ለራሱም የሴዛንን የፖም ሥዕል ገዛ። ሲመለስ የወዳጆቹ ገጠር ቤት አቅራቢያ ከመኪና ወርዶ፣ ሻንጣው ስለ ከበደው ያንን ውድ ሥዕል መንገድ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ሸጉጦ ባዶ እጁን ገባ! ወዳጆቹ ሮጠው አመጡት።

በ1925 ሊዲያ ሎፖኮቫ የምትባል ሩሲያዊት የባሌ ዳንሰኛ አገባ። ምሁራን ወዳጆቹ መጀመሪያ ናቋት፤ እሱ ግን አልሰማቸውም። ልጅ አልወለዱም። በ1936 በራሱ ገንዘብ በካምብሪጅ ቴአትር ቤት አሠራ። በዚያው ዓመት ያወጣው ትልቁ መጽሐፉ ሥራ አጥነት ሲበዛ መንግሥት እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም፣ ገንዘብ አውጥቶ ሥራ መፍጠር አለበት የሚል ነበር። በ1937 ልቡን ክፉኛ ታመመ፤ እንግዳ እየመለሰች፣ ዕረፍቱን እየጠበቀች ያቆየችው ያቺው የተናቀች ሚስቱ ናት።

በሁለተኛው ጦርነት፣ በ1940፣ ያለ ደመወዝ ለገንዘብ ሚኒስቴር አማካሪ ሆኖ ተመለሰ። በጁላይ 1944 ብሬተን ውድስ በተባለች የአሜሪካ ስፍራ 44 መንግሥታት ተሰብስበው የዓለም ባንክንና የዓለም የገንዘብ ድርጅትን ሲመሠርቱ ከዋነኞቹ አንዱ እሱ ነበር። አገራችንም ከ44ቱ አንዷ ነበረች፤ የልዑካኑ መሪ ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ነበሩ። ኢጣሊያ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነበርና መገኘታችን ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

በ1945 ደግሞ ያ የታመመ ልቡን ይዞ ለእንግሊዝ ገንዘብ ሊለምን አሜሪካ ሄደ። ስጦታ ፈልጎ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ብድር ይዞ ተመለሰ፤ አገሩም ዕዳውን ከፍላ የጨረሰችው በ2006 ነው።

ኬይንስ ኤፕሪል 21 ቀን 1946፣ በፋሲካ ዕለት፣ በገጠር ቤቱ ዐረፈ። ዕድሜው 62 ነበር። አባቱ በ93፣ እናቱ በ85 ዓመታቸው ገና በሕይወት ነበሩና የልጃቸውን ሞት አዩ። አስከሬኑ ተቃጥሎ፣ አመዱ ከቤቱ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ተበተነ።