እንዶድን ለሳይንስ ያበቁት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ

በመስኖ የሚያለማ፣ ከብቱን ወንዝ የሚያወርድ፣ ልጆቹ ጅረት ውስጥ የሚዋኙበት ገበሬ ሁሉ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ሥራ ይመለከተዋል።

ፕሮፌሰር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 በጅጅጋ ተወለዱ። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት በአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1964 ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ።

ቢልሃርዚያ የውሃ በሽታ ነው። የታማሚ ዓይነ ምድር ወንዝ ሲገባ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በቶሎ አለመግደሉ ነው ተንኮሉ። ዓመታት ቆይቶ ጉበት ያደነድናል፣ ሆድ ያሳብጣል፤ ሕፃናትን ለደም ማነስ ይዳርጋል፣ ከእድገትና ከትምህርት ወደ ኋላ ያስቀራቸዋል።

ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። ከላይ በኩል ያሉት ግን ደህና ነበሩ። በሕይወት ያሉትን አስለቅመው የእንዶዱን አረፋ ቢጨምሩባቸው ወዲያው አለቁ። እናቶቻችን በየጓሮው ያላጡት ተክል የበሽታውን ተሸካሚ የሚገድል ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ሥራ የመጣው። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ወንዞች ላይ እንዶድ እየተረጨ ተጠና። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ ኃይለኛውን የእንዶድ ዝርያ በመምረጥ አብረዋቸው ደከሙ፤ በ1989 ሁለቱም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ውጤቱን ለመቀበል ብዙ ዓመት አመነቱ፤ የመርዛማነቱ ምርመራ በውጭ ደረጃ እንዲደገም ጠየቁ። ጥንቃቄው በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል፣ ለመጠጥም አይሆንም። ፕሮፌሰሩን ያስመረራቸው ግን አፍሪካዊ ተመራማሪ ያገኘው ነገር በቀላሉ አለመታመኑ ነበር።

ፕሮፌሰር አክሊሉ በ1997 አረፉ። ዛሬ በሽታውን ለመከላከል በዋናነት የሚሠራበት ለተማሪዎች የሚታደለው ፕራዚኳንቴል ኪኒን ነው። ኪኒኑ ግን የታመመውን ያድናል እንጂ ወንዙን አያጸዳም፤ ልጁ ነገ ተመልሶ ሲገባ እንደገና ሊያዝ ይችላል። እርሳቸው የመሠረቱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም በስማቸው ይጠራል።